አገሪቱ የት ናት? በዊኪፒዲያ ለምትጽፉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ዊኪፒዲያ ላይ መጻፍ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጋጨው በአንድ ቃል ነው። አገሪቱ ሰሜን አውሮፓ ናት ወይስ ምሥራቅ አውሮፓ? አውሮፓ ናት ወይስ እስያ? ላዩን ሲያዩት የካርታ ጥያቄ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ማን ከማን ጋር ይቆጠራል የሚል የክብር ጥያቄ ስላለበት ሰው እንቅልፉን አጥቶ ይሟገትበታል። በዚህ ጠብ ጊዜያችሁም ስማችሁም እንዳይባክን ስለምሻ ነው የምጽፍላችሁ።

ኤስቶኒያን ምሳሌ ላድርግ። የእኛን ስሜት ስለማትነካ ነገሩን በሰከነ ልብ ለማየት ትመቻለች። ኤስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ1918 ነጻነቷን አወጀች፤ በ1940 ሶቪየት ኅብረት ያዛት፤ በ1991 ነጻነቷን አስመለሰች፤ በ2004 ኔቶንም የአውሮፓ ኅብረትንም ተቀላቀለች። ቋንቋዋ የፊንላንድ ቋንቋ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከላትቪያና ከሊትዌኒያ ቋንቋዎች ጋር ግን ዘሩ አይገናኝም። ከዋና ከተማዋ ከታሊን ተነስቶ ባሕሩን ተሻግሮ የፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ ለመድረስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «ምሥራቅ አውሮፓ» የሚለውን ቃል ሲያይ የሚቆጣ ኤስቶኒያዊ አቅጣጫው አላስቆጣውም፤ ቃሉ የሶቪየትን ዘመን ስለሚያስታውሰው ነው። ቶማስ ሄንድሪክ ኢልቬስ የኤስቶኒያ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት፣ ገና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1999 ስቶክሆልም ላይ ባደረጉት ንግግር አገራቸው ኖርዲክ ናት፣ ማለትም ከነስዊድንና ከነፊንላንድ ወገን ናት ብለው ተከራክረዋል። በሌላ በኩል «ምሥራቅ» ብሎ የጻፈውን ሰው ወዲያው ጠላት አታድርጉት፤ ምናልባት የተማረበት መጽሐፍ እንዲያ ብሎት ይሆናል። የአሜሪካው ሲአይኤ የዓለም አገራት መረጃ መጽሐፍም ኤስቶኒያን ምሥራቅ አውሮፓ ብሏት ኖሯል።

ታዲያ ማን ልክ ነው? እኔ የምመክራችሁ ጥያቄውን እንድትለውጡት ነው። «አገሪቱ የት ናት?» ከማለት «እዚህ የመደባት ማን ነው? ለምን ሥራ?» በሉ። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ክፍል «ኤም 49» በሚባለው ዝርዝሩ ሦስቱን የባልቲክ አገሮች፣ ኤስቶኒያን፣ ላትቪያንና ሊትዌኒያን፣ ሰሜን አውሮፓ ውስጥ አስፍሯል። ይኸው ድርጅት ለምርጫ አባላቱን በቡድን ሲከፍል ግን ኤስቶኒያ ከምሥራቅ አውሮፓ ቡድን ናት፤ በ2020 እና በ2021 በጸጥታው ምክር ቤት የተቀመጠችው ሩማንያን አሸንፋ በዚሁ ቡድን ወንበር ነው። ድርጅቱ አንድ፣ መልሱ ሁለት፤ ሁለቱም ለተሠሩበት ሥራ ልክ ናቸው። የ«ኤም 49»ን ማብራሪያ ያነበበ ደግሞ ምደባው ለስታቲስቲክስ ሥራ እንዲያመች ብቻ የተደረገ እንደሆነ፣ ስለ አገሮቹ ፖለቲካዊ ትስስር ምንም እንደማይል ተጽፎ ያገኛል። ዝርዝሩን ጠቅሶ የሚከራከር ሰው ይህን ማሳሰቢያ ሲያነብ አላየሁም ማለት እችላለሁ። ያው ዝርዝር ከ2004 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነችውን ቆጵሮስን ምዕራብ እስያ ያደርጋታል።

ከመጻፋችሁ በፊት ማን መቼ ምን እንደቀየረ የሚያሳየውን የገጹን የለውጥ ታሪክና አራሚዎች የሚነጋገሩበትን የውይይት ገጽ ክፈቱ። ያ ቃል ስንት ጊዜ እንደተቀያየረ፣ ከዚህ ቀደም ስምምነት ተደርሶበት እንደሆነ እዚያ ይታያል። አንድ ቃል ላይ ስድስት ሰባት የግርጌ ማስታወሻ ተደርድሮ ካያችሁ የጦር ሜዳ ላይ እንደቆማችሁ እወቁ፤ ለአንባቢ ሲባል ያን ያህል ምንጭ በአንድ ቃል ላይ የሚደረድር የለም። እያንዳንዱን ከፍታችሁ አንብቡ። አንዳንዱ የሆቴል ማስታወቂያ ወይም የጉዞ ጽሑፍ ይሆናል። አንዳንዱ ከራሱ ከዊኪፒዲያ የተገለበጠ ነው፤ ይህን ለመለየት ምንጩ የታተመበትን ቀን፣ ቃሉ ገጹ ላይ መጀመሪያ ከገባበት ቀን ጋር አስተያዩት። ምንጩ ዘግይቶ ከታተመና አባባሉም ቃል በቃል ከተመሳሰለ ጣሉት። በ1970ዎቹ የታተመ መጽሐፍ «ምሥራቅ አውሮፓ» ሲል በአብዛኛው የሶቪየትን የጦር ጎራ ማለቱ ስለሆነ ለዛሬው መግቢያ አይበቃም። የቅርብ ዓመታት የጂኦግራፊ ማጣቀሻዎችን ሰብስቡና አብዛኞቹ የሚሉትን ተከተሉ።

ብልህ ልጆች በብዛት የሚሰናከሉበት አንድ ነገር አለ። አንድ መጽሐፍ «ፊንላንድ ኖርዲክ ናት» ይላል፤ ሌላው «የኤስቶኒያ ቋንቋ የፊንላንድ ዘመድ ነው» ይላል፤ ጸሐፊው ሁለቱን አጋጥሞ «ስለዚህ ኤስቶኒያ ኖርዲክ ናት» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ምንጮች እውነት ናቸው፤ መደምደሚያውን ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አላሉትም። ዊኪፒዲያ የራስን ግኝት ስለማይቀበል ዓረፍተ ነገሩ ይሰረዛል፤ መሰረዙም ተገቢ ነው። ኖርዲክ ካውንስል በ1952 የተቋቋመ፣ የአምስት አገሮች ምክር ቤት ነው፤ ኤስቶኒያ አባሉ አይደለችም። «ኢልቬስ በ1999 እንዲህ ብለው ተከራከሩ» ብሎ መጻፍ ግን ይቻላል፤ ተናጋሪውም ዘመኑም ታውቋልና።

መግቢያውን ማንም በማይክደው ነገር ጀምሩ፦ «ኤስቶኒያ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ፣ በደቡብ ከላትቪያ፣ በምሥራቅ ከሩሲያ የምትዋሰን አገር ናት።» የክፍለ አህጉሩ ስም ካስፈለገ አንድ ብቻ ጨምሩ። ሁሉንም ስም በ«ወይም» አያይዞ መግቢያው ላይ መጠቅጠቅ ማንንም አያስታርቅም፤ አንባቢውን ግን ያደክመዋል። ማን ምን ብሎ መደባት የሚለው በገጹ ውስጥ ራሱን የቻለ አንቀጽ ይገባዋል፤ እኔ ከመግቢያው ይልቅ ለዚያ አንቀጽ ብትደክሙ እመርጣለሁ።

ጻፋችሁ፣ ሌላው ሻረው እንበል። መልሳችሁ አትሻሩ፤ ውይይት ገጹ ላይ ምንጫችሁን አቅርቡ። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌሎችን ሥራ የሻረ ይታገዳል፤ ሦስት ጊዜ የተፈቀደ መብት የሚመስለውም ተሳስቷል፤ ቆጥሮ ሦስት ላይ የሚያቆምም ሊታገድ ይችላል። ውይይቱ ካልያዘ የብዙኃን አስተያየት ይጠየቃል፤ በተለምዶ 30 ቀን ይቆያል። ጥያቄውን «ኤስቶኒያ እስከ መቼ በሶቪየት ስም ትጠራለች?» ብሎ የሚጽፍ ሳይጀመር ይሸነፋል። «መግቢያው ሰሜን አውሮፓ ይበል፣ ምሥራቅ አውሮፓ ይበል ወይስ ክፍለ አህጉር አይጥቀስ?» ይበቃል። ጓደኞቻችሁን በቴሌግራም ጠርታችሁ ድምፅ አታሰጡ። ውይይቱን የሚዘጋው ሰው የሚመዝነው ምክንያትን ነው እንጂ የሰው ብዛት አይቆጥርም፤ አዳዲስ አካውንቶች በአንድ ቀን ሲጎርፉም ያውቃል። በሁለት አካውንት አንድ ሐሳብ መደገፍማ ያስቀጣል።

በአማርኛ ለምትጽፉ ሁለት ነገር ልጨምር። «ሰሜን አውሮፓ» እና «ኖርዲክ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው አቅጣጫ ነው፤ ሁለተኛው የታወቁ አገሮች ስብስብ ነው። ሁለቱንም «ሰሜን አውሮፓ» ብሎ የተረጎመ ሰው ክርክሩን ሳያውቅ አጥፍቶታል፤ ስለዚህ «ኖርዲክ»ን እንዳለ ተዉት። ዘመኑንም ለዩ፦ አገሪቱ የአውሮፓ ኅብረትን የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2004፣ በእኛ ሚያዝያ 23 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው። «በ2004 ዓ.ም.» ብሎ ከጻፉት ስምንት ዓመት ይሳሳታል።

ስለራሳችን አካባቢ ስትጽፉ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ የግልግል ኮሚቴ ምሥራቅ አውሮፓን ብቻ ሳይሆን የአፍሪካ ቀንድንም አከራካሪ ርዕስ ብሎ መድቦታል። ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ሶማሊያና ጅቡቲ በዚያ ውስጥ ናቸው። በእነዚህ ርዕሶች አንድ አስተዳዳሪ ብቻውን ከርዕሱ ሊያግዳችሁ ይችላል።

ስምምነት ላይ ስትደርሱ በጽሑፉ ኮድ ውስጥ፣ ከቃሉ አጠገብ፣ አንባቢ የማያየው አራሚ ግን የሚያየው ማስታወሻ ተዉ፦ «ይህ ቃል ተወያይተንበታል፤ ከመቀየርህ በፊት የውይይት ገጹን አንብብ»፤ ቀኑንም ጻፉበት።