«የሞተ አትቀስቅሺ» አሉኝ አክስቴ

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የምኖረው ከአቃቂ ወጣ ብሎ፣ ከተማው አልቆ እርሻው የሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው። ተወልጄ ያደግኩትም እዚያው ነው። አባቴ አምና ዐረፈ። ለሙት ዓመቱ ቤት ስናጸዳ አልጋው ሥር የነበረችውን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈትኳት። ከአባቱ የወረሳት ናት። እሱ እያለ ማንም አይነካትም ነበር።

ውስጧ አራት ነገር አገኘሁ። አንደኛው ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። አያቴ ኮፍያና ባለ ቁልፍ ኮት አድርገው ቆመዋል። አጠገባቸው ነጠላ የለበሰች ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሴት አያቴ አይደለችም፤ የእሳቸውን መልክ በደንብ አውቀዋለሁ። ጉልበቷን ይዛ የቆመች ጋሜ የተቆረጠች ልጅ አለች። ቢበዛ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ከፎቶው ጀርባ የፎቶ ቤት ማኅተም አለ። በፈረንጅ ፊደል ስለሆነና አብዛኛው ስለጠፋ የሚነበበው መጨረሻው ላይ ያለው «ዳኡአ» የሚመስል ነገር ብቻ ነው። ከሥሩ በቀለም 1953 ተብሎ ተጽፏል።

ሌላው የነሐስ የኮት ቁልፍ ነው። ሲ፣ ኤፍ፣ ኢ የሚሉ ፊደላት አሉበት። ወንድሜ «አያታችን ወታደር ነበሩ» ይላል። ከዚያ ደግሞ ተበስቶ ክር የገባበት ትልቅ ብር አለ፤ የሴት ምስልና 1780 የሚል ቁጥር አለው። ወንድሜ እዚህም ላይ አላረፈም፤ «ዘራችን ከ1780 ጀምሮ ይታወቃል» እያለ ለጓደኞቹ ያወራል። የመጨረሻው ዳዊት ነው። ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ባዶ ቅጠል ላይ «ወለተ ሚካኤል ተወለደች፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ሰኞ፣ በዘመነ ማርቆስ» ይላል። ዓመቱ የለም። እኛ ቤት ወለተ ሚካኤል የምትባል ሰው የለችም።

ፎቶውን ለአክስቴ ወሰድኩላቸው። ከአያቴ ልጆች ዛሬ ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። አያቶቼ የተጋቡት በ1947 ነው፣ አባቴ በ1948 ተወለደ፣ አክስቴ ደግሞ «በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ጡት እጠባ ነበር» ይላሉ። ፎቶውን አዩት፣ ገለበጡት፣ 1953 የሚለውን አነበቡ። ከዚያ መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡትና «የሞተ አትቀስቅሺ። የአባቴን ስም አታጥፊ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለቡና እንኳ አይጠሩኝም። ልጆቻቸውም «ምን ፈልጋ ነው?» እያሉ ነው አሉ።

በዚህ ላይ አያቴ የተቀበሩበት ደብር ለግንባታ መቃብሮች ስለሚነሱ፣ ቤተሰብ እስከ ጥቅምት መጨረሻ መጥቶ የዘመዱን እንዲያሳይ ማስታወቂያ ለጥፏል። ሁለት ጊዜ ሄጄ ግቢውን ዞርኩት። በአያቴ ስም የተጻፈ ድንጋይ የለም። አባቴ መቃብሩ ጋ የሚሄደው ሁሌ ብቻውን ነበር። ፎቶውን ልተወው? መቃብሩንስ በምን ላግኘው?

ስሜ ይቆይ፣ ከአቃቂ ጫፍ

መልሱ

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር።

ከአክስትሽ ልጀምር። ያን ፎቶ ሲገለብጡ ያዩትን አስቢው። በ1953 እናታቸው ቤት ውስጥ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅና አንዲት ሕፃን ነበሩ። ሕፃኗ ራሳቸው ናቸው። ቁጥሩ የእኛ ዘመን ከሆነ፣ አባታቸው በዚያው ዓመት ኮታቸውን ቆልፈው፣ ከሌላ ሴትና ከሌላ ልጅ ጋር ፎቶ ቤት ቆመዋል ማለት ነው። ይህንን የወንድም ልጅ ይዛልኝ መጣች ብዬ ባስብ እኔም ለቡና አልጠራሽም ነበር።

እኔ ግን ቁጥሩ የእኛ አይመስለኝም።

ቁልፉን እንየው። ሲ፣ ኤፍ፣ ኢ የፈረንሳይ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ስም በፈረንሳይኛ ሲያጥር ነው። በ1970ዎቹ ድርጅቱ የኢትዮ-ጅቡቲ ሲሆን ስሙም ፊደሉም ተለወጠ። ስለዚህ አያትሽ የባቡር ሰው እንጂ ወታደር አይመስሉኝም። ወንድምሽ ቢከፋውም ምን ይደረግ። «ዳኡአ» ደግሞ የድሬዳዋ ጭራ ነው፤ ፈረንሳዮች የከተማዋን ስም ሲጽፉ የሚጨርሱት እንደዚያ ነው። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚያ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋን የቆረቆራትም እሱ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ሲሆን አቃቂም የዚሁ መስመር ጣቢያ ነበረች። የባቡር ሠራተኛ ድሬዳዋ ሠርቶ አቃቂ መጥቶ ቢቀር ምንም አይገርምም።

እንግዲህ በፈረንጅ ፊደል ማኅተም የሚመታ ፎቶ ቤት ዓመቱንም በፈረንጅ ቢጽፍ የሚጠበቅ ነው። የፈረንጆቹ 1953 በእኛ 1945 ነው፤ ከመስከረም ወዲህ ከሆነ ደግሞ 1946። አያቶችሽ የተጋቡት መቼ ነው ያልሽኝ? በ1947።

ይሄ ብቻውን ግምት ነው። ዳዊቱን ሳነብ ግን ተቀምጬ የነበርኩት ሴትዮ ተነሳሁ። የጻፉት ሰው ዓመቱን ቢተዉትም «ሰኞ» ማለትን አልረሱም። አንድ ቀን በየዓመቱ አንድ ዕለት ወደፊት ይገፋል፤ ጳጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ ሁለት። በአራት ዓመት አምስት ዕለት ማለት ነው። ወንጌላውያኑም በአራት ዓመት ስለሚዞሩ ኅዳር 12፣ ሰኞና ዘመነ ማርቆስ ሦስቱ አንድ ላይ የሚገጥሙት በ28 ዓመት አንዴ ነው። 1914፣ ከዚያ 1942፣ ከዚያ 1970። በመካከል ያሉት ዘመነ ማርቆሶች አይሆኑም። በ1946 ኅዳር 12 ቅዳሜ ነበር፤ በ1950 ሐሙስ። ካላመንሽኝ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መሪጌታ ጠይቂ፤ በጣቱ ቆጥሮ ይነግርሻል።

ስለዚህ ወለተ ሚካኤል የ1942 ልጅ ናት። ፎቶው በእኛ 1953 የተነሳ ቢሆን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ትሆን ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የእናቷን ጉልበት ይዛ አትቆምም። በፈረንጆቹ 1953 ከሆነ ግን ሦስት ዓመት አልፏት አራት ትጠጋለች፤ አንቺ ባየሽው ልክ። ፎቶው ላይ ያለችውና ዳዊቱ ላይ የተጻፈችው አንድ ናቸው የምለው እኔ ነኝ፤ ይህን ለይተሽ ያዥው። ግን ሁለቱን በአንድ ሳጥን ያስቀመጡት አያትሽ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ አያትሽ በትዳራቸው ላይ የሄዱ ሰው አይደሉም። ከሴት አያትሽ በፊት ቤት ነበራቸው። ሴትዮዋ ሞተው ይሁን ተፋተው አላውቅም። የአክስትሽ ሐዘን ግን በሰባት ስምንት ዓመት የቁጥር ልዩነት ላይ የቆመ ይመስለኛል።

አሁን ይህን ሁሉ ይዘሽ ሮጠሽ እንዳትሄጂ። የአክስትሽ ልጆች «ምን ፈልጋ ነው?» ያሉት ከክፋት አይደለም። በእናንተ አካባቢ ዛሬ «አያታችን ስንት ልጅ ነበራቸው?» ማለት የመሬት ጥያቄ ነው። እርሻው ካርታ ሲወጣለት፣ መንገድ ሲያልፍበት፣ ካሳ ሲመጣ ስንት ወንድምና እህት ፍርድ ቤት እንደተገናኘ ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺ ፎቶ ይዘሽ ስትመጪ እነሱ የሚያዩት ማመልከቻ ነው። ስለዚህ ምን እንደምትፈልጊ ቀድመሽ፣ በግልጽ፣ ሁሉም ባሉበት ተናገሪ። የምትፈልጊው አያትሽ ያረፉበትን ቦታ ነው። የውርስ ነገር ከተነሳ ለጠበቃ ነው፤ እኔ አልገባበትም።

ደግሞ በፎቶው አትጀምሪ። በመቃብሩ ጀምሪ። አክስትሽም የአባታቸው አጽም ባለቤት አጥቶ እንዲነሳ አይፈልጉም። «እቴዬ፣ የአባባ ክርስትና ስም ማን ነበር?» በያቸው። ይቺ ጥያቄ ማንንም አታስቀይምም፤ መቃብሩንም የምታገኝልሽ እሷ ትሆናለች።

ሰው በቤቱ በአንድ ስም ይጠራል፤ ለግብር ደረሰኝ ሌላ ሊያስጽፍ ይችላል፤ በእናንተ አካባቢ ደግሞ ስንቱ በቤቱ ኦሮምኛ ስም አለው። ቤተ ክርስቲያን ግን በፍትሐትም በተዝካርም የምትጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ ድንጋዩም ላይ እሱ ብቻ ሊጻፍ ይችላል። አንቺ በዓለማዊ ስማቸው ስትፈልጊ፣ እሳቸው ገብረ ምናምን ወይም ወልደ ምናምን ተብለው እግርሽ ሥር ተኝተው ይሆናል። አክስትሽ ካላስታወሱ የቤተሰቡን የንስሐ አባት ጠይቂ። የእድሩን የድሮ መዝገብም አስወጪ፤ ቢያንስ ያረፉበትን ወርና የወጣውን ገንዘብ ታገኚበታለሽ። ዕድሜ የጠገበ መቃብር ቆፋሪ ካለ ደግሞ ከመዝገቡ ይበልጣል።

ድንጋዩን ስታነቢ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ሂጂ። ፀሐይ ከጎን ስትመታው የተፋቀው ፊደል ጥላ ያወጣል፤ በቀትር የማይታየው ያኔ ይነበባል። የስልክሽን መብራት ከጎን ብታበሪበትም ይሠራል። በሽቦ ብሩሽ እንዳትፈትጊው፣ በረኪናም እንዳትነኪበት፤ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ቁጥሩ በግእዝ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በይ። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። ፲፱፻፷ ብቻውን 1960 ነው። ከኋላው ፯ ኖሮ ከተፈረፈረ 1967 የነበረው 1960 መስሎ ይቀራል። ስለዚህ ዓመቱ ትንሽ አልገጥም ቢልሽ ድንጋዩን ቶሎ አትለፊው፤ መጨረሻው ላይ ጣትሽን አሳልፊበት።

ብሩ ማርትሬዛ ነው። ምስሏ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ነው፤ የሞተችው በ1780 ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ከመቶ ዓመት በኋላ የተመታውም 1780 ይላል። ወንድምሽን አደራ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪው።

ፎቶውን ጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ፣ ፊቱንም ጀርባውንም በስልክሽ አንሺው። ማኅተሙን ደግሞ አቅርበሽ። ስም ካገኘሽ ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፊ እንጂ በእስክሪብቶ አይሁን። ላሚኔት እንዳታስደርጊው። እኔ የእናቴን የሙሽርነት ፎቶ ይቆይልኝ ብዬ አስደርጌው ግንባሯ ላይ አረፋ ወጥቶበት ቀርቷል፤ ዛሬም ሳየው ያናድደኛል።

ወለተ ሚካኤል በሕይወት ካሉ ሰባዎቹን ካጋመሱ ቆይተዋል፤ ለአክስትሽም ታላቅ እህት ናቸው። ይፈለጉ አይፈለጉ የሚወስኑት አክስትሽ ናቸው፤ አንቺ ድሬዳዋ ስልክ መደወል እንዳትጀምሪ። ጥቅምት ሳያልቅ መጀመሪያ ድንጋዩን አግኙ። መቃብሩን አብራችሁ አይታችሁ ስትመለሱ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ዳዊቱን ስጫቸው። ገጹ ላይ ክር አድርጊበት። መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያገኙ አትቸኩዪ፤ «ሰኞ» የምትለውን ራሳቸው ያንብቧት።