ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ በተጻፈ ነገር ከሥራ መሰናበት፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬው መልስ በዋናነት የሚመለከተው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደረውን ሠራተኛ ነው፤ ባንክ፣ ፋብሪካ፣ ሆቴል፣ አስመጪ ቤት፣ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የሚሠራውን ማለት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችና ውጭ አገር ያላችሁ ወደ መጨረሻው ላይ አላችሁበት። ረጃጅም ጥያቄዎችን አሳጥሬያለሁ።

ጥያቄ፦ ፌስቡክ ላይ የክፍል ኃላፊያችንን "ሌባ" ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤ ሰጥተው አሰናበቱኝ። ሕጉ ይፈቅድላቸዋል?

መልስ፦ ደብዳቤውን አውጣና የስንብቱ ምክንያት የተጻፈበትን መስመር ፈልግ። ክርክሩ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ጽሑፉ ምን ያህል አስቆጣ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶች አንቀጽ 27 ላይ ተዘርዝረዋል። በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ፣ 5 ቀን የቀረ፣ በሥራው ያታለለ፣ የድርጅቱን ንብረት የወሰደ ወይም ሆን ብሎ ያበላሸ፣ በሥራ ቦታ ጠብ ያስነሳ፣ እያለ ይሄዳል። "በማኅበራዊ ሚዲያ የተሳደበ" የሚል በስሙ የተጠራ ምክንያት የለም። ስለዚህ አሠሪው ያንተን ጽሑፍ ከተዘረዘሩት በአንዱ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

ብዙ ጊዜ የሚሞከረው በጠብና አምባጓሮ በኩል ነው። እዚህ ላይ ሁለት መከራከሪያ አለህ። አንደኛ፣ ድንጋጌው የሚያወራው በሥራ ቦታ ስለተነሳ ጠብ ነው፤ ማታ ከቤት የተጻፈ ነገር የሥራ ቦታ ድርጊት ነው ለማለት አሠሪው ብዙ ማስረዳት አለበት። ሁለተኛ፣ ሕጉ የጥፋቱ ክብደት ይመዘን ይላል፤ አንድ ቃል ጽፎ ከሰዓት በኋላ ያጠፋና ለሳምንታት እየተመላለሰ የዘመተ ሰው እኩል አይታዩም። ሌላው በር የኅብረት ስምምነት ነው፤ ለእሱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ስላለ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ለይተህ ያዝ። ከሥራ መሰናበቱ ሕገወጥ ነው መባሉ "ሌባ" ማለትህን ነፃ አያወጣውም። ኃላፊው በግሉ አቤቱታ ካቀረበ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስም ማጥፋትን ይቀጣል። ሁለቱ ጉዳዮች በተለያየ ችሎት በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ ኤችአር ጠርታኝ "ስምሽ እንዳይበላሽ ራስሽ መልቀቂያ አስገቢ" አለችኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አትፈርሚ፣ እህቴ። ከሁሉም ጥያቄ በላይ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። በፈቃዴ ለቅቄያለሁ የሚል ወረቀት ላይ ከፈረምሽ በኋላ "አሰናበቱኝ" ብሎ መክሰስ እጅግ ይከብዳል፤ ተገድጄ ነው የምትይ ከሆነ የማስረዳቱ ሸክም ወደ አንቺ ይዞራል። ከአሠሪው ጋር ስትከራከሪ ግን የስንብቱን ምክንያት ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ያን ጥቅም በአንድ ፊርማ አትስጪ።

"ስምሽ እንዳይበላሽ" የሚለውም ብዙ ውሃ አይቋጥርም። አሠሪው የሥራ ልምድ ማስረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ የተሰናበተም የለቀቀም ያገኛል። "በቃል አትበሉኝ፣ ውሳኔያችሁን በጽሑፍ ስጡኝ" በያቸው። ማስጠንቀቂያም ይሁን ስንብት ሲሰጡሽ ፊርማሽ ጎን "ደርሶኛል፤ በይዘቱ ግን አልስማማም" ብለሽ ቀኑን ጻፊ፣ ከመመለስሽ በፊት በስልክ ፎቶ አንሺው። መቀበል እምቢ ማለት አይጠቅምም፤ በምስክር ፊት እምቢ አለች ተብሎ ይያዛል፣ አንቺም ማስረጃው በእጅሽ አይኖርም።

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት በፊት የጻፍኩትን ፈልገው አውጥተው ነው ያሰናበቱኝ። የጊዜ ገደብ የለውም?

መልስ፦ አለው። አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተ በአንቀጽ 27 የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ቆጠራው የሚጀምረው አንተ ከጻፍክበት ቀን ሳይሆን እሱ ካወቀበት ቀን መሆኑን ልብ በል፤ ብዙ ሰው ይህን አገላብጦ ይዞ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ስለዚህ የምትፈልገው ማስረጃ "መቼ አወቁ?" ለሚለው መልስ የሚሰጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ያኔ ከሥር ኮመንት ሰጥቶ ነበር? ላይክ አድርጎ ነበር? ኤችአር በኢሜይል ጠይቃህ ነበር? እንዲህ ያለ ነገር ካለ ቀኑና ስሙ በሚታይበት ሁኔታ ያዘው። የማሰናበት ሥልጣን የሌለው የሥራ ባልደረባ ማየቱ ግን ብቻውን አሠሪው አውቋል አያሰኝም።

ጥያቄ፦ የድርጅታችን የሥራ ደንብ "በማኅበራዊ ሚዲያ የድርጅቱን ስም ያጎደፈ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል" ይላል። ፈርሜበታለሁ። አለቀልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀም። አንቀጽ 27 ተጨማሪ የስንብት ምክንያት ሊወጣ የሚችለው በኅብረት ስምምነት ነው ይላል። የኅብረት ስምምነት የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው ተደራድረው የሚፈርሙት ነው። የሥራ ደንብ ግን አሠሪው ብቻውን የሚያወጣው ሰነድ ነው። ስለዚህ ድርጅታችሁ ውስጥ ማኅበር ከሌለና ያለው ደንብ ብቻ ከሆነ፣ ደንቡ በሕጉ ዝርዝር ላይ አዲስ ጥፋት መጨመር አይችልም የሚል ጠንካራ ክርክር አለህ። ለማስጠንቀቂያና ለቀላል የዲሲፕሊን እርምጃ ግን ደንቡ ይሠራል።

ማኅበር ካላችሁ ዛሬውኑ የኅብረት ስምምነቱን ኮፒ ጠይቅ። ባንኮችና ትልልቅ ፋብሪካዎች የጥፋትና የቅጣት ሠንጠረዥ ይኖራቸዋል፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈጸም ማስጠንቀቂያ፣ ለሁለተኛ የደሞዝ ቅጣት፣ ለሦስተኛ ስንብት። አሠሪው ደረጃ ዘልሎ በመጀመሪያው ጥፋት ካሰናበተ በራሱ ሰነድ ይሸነፋል።

ጥያቄ፦ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለመክፈላቸውን ነው የጻፍኩት፤ ውሸት የለበትም። እውነት መናገርም ያስባርራል?

መልስ፦ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ወይም በክስ ሂደት መሳተፍ የስንብት ምክንያት አይሆንም፤ አንቀጽ 26 በግልጽ ከልክሎታል። ፖለቲካዊ አመለካከት፣ ሃይማኖት፣ የማኅበር አባልነትም እንዲሁ። ችግሩ ግን ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ "ቅሬታ ማቅረብ" ነው ወይ የሚለው አከራካሪ ነው።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ቅሬታህን በሁለት ኮፒ ጻፍ፣ መዝገብ ቤት አስገባ፣ አንዱን ኮፒ ቁጥርና ማኅተም አስመትተህ ያዝ። መልስ ካጣህ ወደ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ፍርድ ቤት ሂድ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ስንብት የበቀል ይመስላል፤ ለማስረዳትም ይቀላል። የትርፍ ሰዓትና የደሞዝ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል፤ ፌስቡክ ላይ ስትከራከር ጊዜው እንዳያልፍብህ።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው የተጻፈው። ግሩፑ ዝግ ነው፤ የግል ንግግር አይባልም?

መልስ፦ ግሩፑን ማን ከፈተው? ለምን ሥራ? ፈረቃ የሚወጣበት፣ ሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ የሚሰጥበት ከሆነ ከቢሮ ስብሰባ ብዙም አይለይም፤ እዚያ ላይ ባልደረባን መስደብ "በሥራ ቦታ" ወደሚለው ይጠጋል። አምስት ጓደኛሞች ለሻይ ቀጠሮ የከፈቱት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሁለቱም ቢሆን ስክሪን ሹት የሚያወጣው ከአባላቱ አንዱ ነውና ዝግ መሆኑን አትመኑበት።

ጥያቄ፦ አጥፍቼዋለሁ። ደህና አደረግኩ?

መልስ፦ ማንሳቱ ጥፋቱን ያቀልላል፣ ጥሩ ነው። ከማንሳትህ በፊት ግን ለራስህ ቅጂ መያዝ ነበረብህ። አሠሪው የሚያቀርበው ስክሪን ሹት ብዙ ጊዜ ከመሃል የተቆረጠ ነው፤ ከላይ ማን ምን ብሎ እንደጀመረ፣ ቀልድ ይሁን መልስ አይታይም። ፌስቡክ ከሆነ ከሴቲንግ ገብተህ መረጃህን ማውረድ ትችላለህ፤ ቴሌግራም ከሆነ በኮምፒውተር ላይ ያለው መተግበሪያ የቻት ታሪክ ወደ ፋይል ያወጣል። ያልጠፋውን በሙሉ ከነቀኑ፣ ከነሊንኩና ከነኮመንቱ ያዝ።

ጥያቄ፦ በስሜ የተከፈተ የውሸት አካውንት ነው የጻፈው። እኔ አይደለሁም።

መልስ፦ በዚያው ቀን ለኤችአር በጽሑፍ አስታውቅ፤ ዝም ያልክበት እያንዳንዱ ቀን ያንተ ያስመስለዋል። የአካውንቱን ሊንክ ያዝ፤ ስምና ፎቶ ይቀያየራል፣ ስለዚህ የስም ስክሪን ሹት ብቻውን አይበቃም። ለመድረኩ አስመሳይ ብለህ ሪፖርት አድርግ፣ ፖሊስ ጋር አመልክተህ የማመልከቻውን ማስረጃ ውሰድ። ክስ ላይ ከደረሰ አካውንቱ ያንተ መሆኑን የሚያስረዳው አሠሪው ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በለጠፈው ነገር ታስሯል። ገና ፍርድ የለም። ሥራውስ?

መልስ፦ በዚህ ጉዳይ መፍጠን ያለበት ቤተሰብ ነው። እስከ 30 ቀን የሚደርስ እስራት የሥራ ውልን ያግዳል እንጂ አያቋርጥም፤ ግን አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ እንዲያውቅ መደረግ አለበት። ሚስት፣ እህት፣ ማንም ይሁን፣ ደብዳቤ ጽፋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡና ማኅተም ያለበት ኮፒ ያዙ። ይህ ባለመደረጉ ብቻ "ሥራ ትቶ ጠፋ" ተብሎ የሚሰናበት አለ።

መታሰር ደግሞ ጥፋተኛ መባል አይደለም። የወንጀል ጉዳይ ለስንብት ምክንያት የሚሆነው ጥፋተኛ ተብሎ ጥፋቱ ከያዘው ሥራ ጋር የማይሄድ ሲሆን ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ግን ቀላል አይደለም፦ የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር፣ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ሐሰተኛ መረጃ እስከ 1 ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር ሲሆን፣ አካውንቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው እስራቱ እስከ 3 ዓመት ይወጣል።

ጥያቄ፦ ብከስ ምን አገኛለሁ? በብር ንገረኝ።

መልስ፦ ቀነ ገደቡን ላስቀድም። ወደ ሥራ መልሱኝ ለማለት ከተሰናበትክበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ብቻ ነው ያለህ። ለክፍያ 6 ወር። ሽማግሌ እየላኩ ሦስቱን ወር የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው፤ ሽምግልናው ይቀጥል፣ ክሱ ግን ይግባ።

ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ ሊመልስህ ይችላል፤ ከሥር ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር፣ ውሳኔው በይግባኝ ከጸና እስከ 1 ዓመት የሚደርስ ውዝፍ ደሞዝ አለው። ካልተመለስክ ደግሞ እናስላ። ወርሃዊ ደሞዝህ 15,000 ብር፣ አገልግሎትህ 4 ዓመት ነው እንበል። ወርሃዊውን በ30 ብናካፍል የቀን ደሞዝህ 500 ብር።

ካሳ፦ 180 ጊዜ 500፣ 90,000 ብር። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፦ ከ1 እስከ 9 ዓመት ያገለገለ የ2 ወር፣ 30,000 ብር። የሥራ ስንብት ክፍያ፦ ለመጀመሪያው ዓመት 15,000፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት የእያንዳንዱ ሲሶ ማለትም 5,000፣ በድምሩ 30,000 ብር። ጠቅላላ 150,000 ብር ነው፤ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ካለህ ይጨመራል።

አዲስ አበባ ላይ የሚቀርበው ለፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ጠበቃ መቅጠር ካልቻልክ የዩኒቨርሲቲዎች ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው።

ይህ ሁሉ ለሁሉም አይሠራም። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ (እስከ 60 የሥራ ቀናት) ለሥራው ብቁ አይደለህም ተብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። የሥራ መሪ፣ ማለትም የመቅጠርና የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን ያለው፣ ከአዋጁ ውጭ ነው፤ ጉዳዩ በፍትሐ ብሔር ሕግ ይታያል። መደቡ ላይ "ማናጀር" የሚል ቃል ስላለ ብቻ ግን ማንም የሥራ መሪ አይሆንም፤ የሚታየው የሚሠራው ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። እኔንም ይመለከታል?

መልስ፦ አይመለከትም፤ የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው። መንገዱ በዲሲፕሊን ኮሚቴ በኩል ነው፦ ክሱ በጽሑፍ ይደርስዎታል፣ መልስ ይሰጣሉ፣ ከዚያ ውሳኔ፣ ከዚያ ይግባኝ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት። ክሱን ሳያደርሱ ወይም ሳይሰሙዎት ቀጥተው ከሆነ ይግባኝዎን ከዚያ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ማዳም ቤት ሆኜ ቲክቶክ ላይቭ እገባለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ያውም ከሥራ ማጣት ያለፈ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የ2021 የሳይበር ወንጀል ሕግ (እ.ኤ.አ.) ሰውን ያለ ፈቃዱ መቅረጽንና ማሰራጨትን ቢያንስ በ6 ወር እስራት ወይም ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም ወይም በሁለቱም ይቀጣል። በኢንተርኔት መስደብ ደግሞ ከ250,000 እስከ 500,000 ድርሃም ሊያስቀጣ ይችላል። ሕፃኑ ከኋላሽ ሲያልፍ፣ የማዳም ድምፅ ሲገባ፣ የቤቱ በር ሲታይ፣ ሁሉም ማስረጃ ነው። በአማርኛ ብሳደብ ማን ይሰማል አትበዪ፤ አስተርጓሚ ሞልቷል። ሳውዲም ተመሳሳይ ነው፤ በካሜራ ስልክ የሰው ገመና መንካት እስከ 1 ዓመትና እስከ 500,000 ሪያል ያስቀጣል። ላይቭ መግባት ካለብሽ በዕረፍት ቀንሽ፣ ከቤቱ ውጭ፣ የአሠሪዎችሽን ነገር ሳታነሺ። ጠብ ከተነሳ ደግሞ ከቤት አትጥፊ፤ ጠፋች ብለው ካስመዘገቡሽ መጀመሪያ የነበረሽ ክርክር ሁሉ ይዳከማል። ለኤምባሲው ወይም ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ደውዪ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነኝ፣ በኤጀንሲ በኩል አረጋውያን እንከባከባለሁ። አሜሪካ የመናገር ነፃነት አለ አይደል?

መልስ፦ ያ ነፃነት የሚይዘው መንግሥትን ነው፤ የግል ቀጣሪን አይይዝም። አብዛኛው ቅጥር በማንኛውም ጊዜ ሊቋረጥ የሚችል ነው። የሚከልልሽ የ1935ቱ (እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ነው፦ ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር ስለ ደሞዝ፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ ሥራ ሁኔታ መነጋገር የተጠበቀ ነው፣ ፌስቡክ ላይም ቢሆን፣ ማኅበር ባይኖርም። ብቻሽን አለቃሽን መራገም ግን አይገባበትም። ተባረርሽ እንበል፣ አቤቱታ በ6 ወር ውስጥ በነፃ ይቀርባል። በቀጥታ በቤተሰብ የተቀጠረ የቤት ሠራተኛ፣ ሱፐርቫይዘርና በራሱ የሚሠራ ኮንትራክተር ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው፤ ኡበር የምትነዱ ይህን እወቁ።

ላንቺ ሥራ ዋናው አደጋ የታካሚ ነገር ነው። ስም ባትጠሪም ፊት፣ ክፍል፣ የመድኃኒት ጠርሙስ የታየበት ቪዲዮ የሕክምና ምስጢር ሕጉን ይነካል፤ ኤጀንሲው አይደራደርም፣ የሙያ ፈቃድሽም አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቀጣሪሽ ፓስወርድሽን ከጠየቀ ግን እምቢ በይ፤ ሜሪላንድ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ይህን የከለከለች የመጀመሪያዋ ግዛት ናት።