ፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ ሶፍትዌር፦ ጥያቄና መልስ ከ«ነጋቲቭ» ጋር

ነጋቲቭ፦ ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ። በዝርዝር የምመልሰው ስለ ዲጂካም (ፎቶ ማደራጃ)፣ ስለ ዳርክቴብል (ፎቶ ማስተካከያ) እና ፎቶ ውስጥ ስለሚጻፈው መረጃ ነው፤ ማለትም ቀን፣ ታግ (መለያ ቃል)፣ ኮከብ (ለፎቶው የምትሰጡት ደረጃ)፣ የሰው ስም። የስልክ ፊልተርና ክራክ (ሳይከፈል ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም) አልመልስም። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ንገሩኝ፦ የኮምፒውተሩን ራም፣ ፎቶው ራው (የካሜራው ጥሬ ፋይል) ይሁን ጄፔግ (የተለመደው የታመቀ ፎቶ)፣ ብዛቱን። ከሁሉ በፊት ግን ኦሪጅናሉ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ሳይኖር ምንም ፕሮግራም እንዳትከፍቱ።

ጀማሪ ነኝ፦ ሰላም ጋሼ፣ ለፎቶ የቱ ሶፍትዌር ይሻላል?

ነጋቲቭ፦ ለምን ሥራ? ማደራጀት አንድ ሥራ ነው፣ ማስተካከል ሌላ። ከላይ የጠየቅኳቸውን ሦስቱን ይዘህ ተመለስ።

የፒካሳ ስደተኛ፦ 8 ጊጋ ራም ያለው ዊንዶውስ ላፕቶፕ፣ ወደ 40 ሺህ ፎቶ፣ አብዛኛው ጄፔግ፣ ጥቂት ራው። እስከ ዛሬ ፒካሳ ላይ ነበርኩ። በምን ልቀጥል?

ነጋቲቭ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቅ። ዲጂካም ጫን፣ ነጻ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ጉግል የፎቶ ማደራጃውን ፒካሳን በፈረንጆቹ 2016 ሲያቆመው ፎቶ የጠፋበት ሰው የለም፤ የጠፋው ለዓመታት የለፉበት አልበምና የሰው ስም ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው የተጻፈው በፒካሳ የራሱ ዳታቤዝና ፎልደር ውስጥ በሚደብቃቸው ትንንሽ ፋይሎች ላይ ነበር። ስለዚህ ሶፍትዌር ስትመርጥ ቀድመህ የምታጣራው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ፕሮግራም ነገ ቢዘጋ እኔ የጻፍኩት ነገር የት ይገኛል? ፎቶው ውስጥ ወይም አጠገቡ ባለ ኤክስኤምፒ ፋይል (የፎቶውን መረጃ የሚይዝ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል) ከሆነ ግባበት። «ፕሮግራሙ ውስጥ» ከሆነ ተወው።

ዲጂካም መጀመሪያ ሲነሳ ሁለት ቦታ ይጠይቅሃል፦ ፎቶው ያለበትን እና ዳታቤዙ የሚቀመጥበትን። ፎቶው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ቢሆን ችግር የለም። ዳታቤዙ ግን የላፕቶፑ የውስጥ ዲስክ ላይ ይሁን፣ ኤስኤስዲ ካለህ እሱ ላይ። ወንድራይቭ ወይም ጉግል ድራይቭ የሚያመሳስለው ፎልደር ውስጥ በጭራሽ አታስቀምጠው፤ ፕሮግራሙ እየጻፈ ሳለ ሌላው ፋይሉን ሊቀዳ ሲገባ ዳታቤዙ ይበላሻል። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ሜታዳታ (የፎቶው መረጃ) የሚለውን ክፈትና ታግ፣ ኮከብ፣ መግለጫና የፊት ስም ወደ ፋይሉ እንዲጻፍ ምልክት አድርግ። ለራው ደግሞ ሳይድካር (አጠገቡ የሚቀመጠው ኤክስኤምፒ) የሚለውን አብራ፤ ራው ፋይሉን ራሱን ማንም አይንካው።

እዚያው ሳይድካር ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ምርጫ አለ። ዲጂካምና ዳርክቴብል የፎቶውን ስም ከነቅጥያው (በስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ካለው) ይዘው መጨረሻው ላይ ኤክስኤምፒ ይጨምራሉ። የአዶቤ ፕሮግራሞች ግን ቅጥያውን ያወጡና በቦታው ኤክስኤምፒ ያስገባሉ። ስለዚህ በዲጂካም ለራው የሰጠኸውን ኮከብ የአዶቤው ላይትሩም አያየውም። ወደ ላይትሩም የመሄድ ሐሳብ ካለህ የሳይድካር ስም ከንግድ ፕሮግራሞች ጋር እንዲስማማ የሚለውን ከመጀመሪያው አብራ።

40 ሺህ ፎቶ አንብቦ እስኪጨርስ ሰዓታት ይፈጃል፤ ማታ ከፍተህ ተኛ። የፊት መለያው በመጀመሪያ በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር ፋይል ከኢንተርኔት ያወርዳል፣ ዋይፋይ ባለበት አድርገው።

የጎንደር ልጅ፦ ጋሽ ነጋቲቭ፣ የካሜራዬ ሰዓትና ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው የተሞላው። የ2016 ጥምቀት ፎቶዎቼ ከስልኬ ፎቶዎች ጋር ሲቀላቀሉ ተመሰቃቀሉ። በእጅ ላርማቸው?

ነጋቲቭ፦ በእጅ አይሞከርም። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። አንተ 2016 ብለህ ብትሞላውም ከዚያ በኋላ የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው፤ ጳጉሜን አያውቅም። ይህ ለእርማቱ ጠቅሞሃል፤ ሰዓቱን ዳግመኛ እስካልነካህ ድረስ ስህተቱ የመጀመሪያዋ ፎቶ ላይም የመጨረሻዋ ላይም እኩል ነው።

አሁን የስልክህን ሰዓትና ቀን፣ ሰከንዱ እየታየ፣ በካሜራው አንሳው። ዲጂካም ውስጥ የተበላሹትን ሁሉ ምረጥና ጊዜ ማስተካከያውን ክፈት። ልዩነቱን ከሰዓት ፎቶ ላይ አውጣ የሚል አማራጭ አለው፤ ያንን የሰዓት ፎቶ ስጠው፣ የሚታየውን ትክክለኛ ቀንና ሰዓት ጻፍለት፣ ልዩነቱን በቀንና በሰዓት ያሰላዋል። «7 ዓመት ጨምር» ወይም «8 ዓመት ጨምር» ብለህ እንዳትገምት። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው፤ ቀኑም አብሮ አይገጥምም። ሰዓቱም ሁልጊዜ 6 አይደለም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ 03:00 ብለህ ከሞላኸው ጉድለቱ 6 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከሞላኸው ግን ትክክለኛው 21:00 ስለሆነ 18 ሰዓት ይጎድላል። መጀመሪያ 5 ፎቶ ላይ ሞክር፣ ከስልኩ ፎቶዎች ጋር መግጠሙን አይተህ የቀረውን ቀጥል። ኦሪጅናሉ ሁለት ቦታ ይኑር።

የፎልደር ስም ላይ የፈረንጁን ቀን አስቀድም፣ የእኛን አስከትል፦ «2024-01-20 ጥምቀት ጎንደር 2016»። ያኔ በቅደም ተከተል ይደረደራል፣ ስታነበውም ይገባሃል።

ሐረግ፦ ታግ በአማርኛ ብጽፍ ችግር አለው? የሆነ ቦታ ላይ አራት ማዕዘንና የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣብኛል።

ነጋቲቭ፦ ጻፊ እህቴ። ኤክስኤምፒ ፊደላችንን በሚገባ ይይዛል። የሚያበላሸው አይፒቲሲ የሚባለው የድሮው ማስቀመጫ ነው፤ ዛሬም እሱን ብቻ የሚያነቡ ያረጁ ፕሮግራሞች አሉ። አራት ማዕዘን ብቻ ከሆነ ግን መረጃው ደህና ነው፣ የጎደለው ፎንት ነው።

ትልቁ ራስ ምታት ፍለጋው ላይ ነው። ለኮምፒውተሩ «ሠርግ» እና «ሰርግ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ሦስት ናቸው። አንዱን ስትፈልጊ ሌላውን አያመጣልሽም፣ ስህተት አለ ብሎም አይነግርሽም። ስለዚህ የታግ ዛፉን አስቀድመሽ ሥሪ፦ «ቤተሰብ»፣ «በዓል»፣ «ቦታ»፤ በሥራቸው ዝርዝሩን። ከዚያ በኋላ ከዝርዝሩ ላይ እየመረጥሽ እንጂ አዲስ እየጻፍሽ ታግ አታድርጊ። እስካሁን ሁለት ዓይነት ከጻፍሽ፣ በአንዱ ታግ ያሉትን ፎቶዎች በሙሉ መርጠሽ ትክክለኛውን ስጫቸው፣ ከዚያ የተሳሳተውን ታግ አጥፊው።

ላይትሩም አልለቅም፦ ሰውን ለምን ታደክማላችሁ? ላይትሩም ክላሲክ ሁለቱንም ሥራ በአንድ ቤት ይሠራል። ሰማዩንና ሰውየውን በአንድ ጠቅታ ይለይልሃል፤ ዳርክቴብል ላይ ያንኑ ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ነው።

በነጻ ብቻ፦ ክፍያ ያቆምክ ዕለት ፎቶህ ይቆለፋል እኮ።

ላይትሩም አልለቅም፦ ሳያውቁ ማውራት!

ነጋቲቭ፦ ቆይ፣ ይህ ይጥራ። ክፍያ ሲቆም የሚዘጋው ዴቨሎፕ (ማስተካከያው) እና ማፕ (ካርታው) ነው። ላይብረሪው ይከፈታል፣ ኤክስፖርትም ይሠራል፣ ኦሪጅናሉም ዲስክህ ላይ እንዳለ ነው። የማስኩ (ሰማይና ሰው የመለየቱ) ነገርም እውነት ነው፣ ላይትሩም ይፈጥናል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ላይትሩም ክላሲክ ካልነገርከው በቀር የሠራኸውን የሚጽፈው ካታሎጉ (የራሱ ዳታቤዝ) ላይ ብቻ ነው። ካታሎግ ሴቲንግ ውስጥ ለውጡን ወዲያው ወደ ኤክስኤምፒ እንዲጽፍ አብራ። አብርተኸውም ኮሌክሽን (የፕሮግራሙ አልበም) እና ቨርቹዋል ኮፒ (ፋይሉ ሳይባዛ የሚሠራ ሁለተኛ ቅጂ) አይወጡም፤ ስለዚህ ዋና ድርጅትህን በኮሌክሽን ሳይሆን በታግ አድርግ። ፎልደርም የምታዛውረው ከላይትሩም ውስጥ ሆነህ ነው። ከውጭ ካዛወርከው «ፋይሉ የለም» ይልሃል።

በነጻ ብቻ፦ ክፍያውስ? ከአገር ቤት በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ማን ሊከፍል ነው?

ባለ ፍላሽ፦ ለሱማ ክራኩ አለ፣ ከፈለጋችሁ እልካለሁ።

ነጋቲቭ፦ ክራክ አልመልስም ብያለሁ። የቤተሰብ ፎቶ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ፕሮግራም አይጫንም። በክፍያውም ላይ አትከራከሩ፤ መክፈል የሚችል ይከፍላል፣ የማይችል ዲጂካምና ዳርክቴብል አለለት። ቀጣይ።

ኒኮን ብቻ፦ በዓል ላይ ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ሁልጊዜ ይቃጠልብኛል፣ ፊቱ ደግሞ ይጨልማል። ራው ነው የማነሳው። 16 ጊጋ ራም፣ ዳርክቴብል። የጥለቱ ዝርዝር እንዲመለስ ምን ላድርግ?

ነጋቲቭ፦ ግማሹ ሥራ ካሜራው ላይ ነው። ቀትር ላይ ነጭ ልብስ ስታነሳ ኤክስፖዠሩን ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ዝቅ አድርግ፣ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) የቀኙን ግድግዳ እንዳይነካ። ጄፔግ ላይ ነጩ ጣሪያው የሆነውን 255 ከደረሰ እዚያ ቦታ ላይ የሚመለስ ነገር የለም። 12 ወይም 14 ቢት ራው ላይ ግን ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱ እንኳ ካልሞላ ዝርዝሩ ይወጣል።

ዳርክቴብል ላይ ነጠላውን ለማዳን ብለህ ኤክስፖዠሩን አታውርድ። በኤክስፖዠር ሞጁል ፊቱን አስተካክል፤ ልብሱ ለጊዜው ቢነጣም አትደንግጥ። ነጩን የሚሰበስበው ሲግሞይድ ወይም ፊልሚክ የሚባለው ሞጁል ነው። አንዱን ብቻ፤ ሁለቱን አብረህ ካበራህ ቀለሙ ይሞታል። ቀጥሎ ቶን ኢኳላይዘር ክፈት፣ መጀመሪያ የማስክ ገጹን አስተካክል፣ ከዚያ ጠቋሚውን ነጠላው ላይ አድርገህ የማውሱን ጎማ ወደ ታች፣ ፊቱ ላይ አድርገህ ትንሽ ወደ ላይ። በፊትና በልብሱ ድንበር ላይ ነጭ ጥላ ከወጣ አብዝተሃል። ዲጂካምና ዳርክቴብልን በአንድ ጊዜ አትክፈት፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደርብበታል። ዳርክቴብል ሲነሳ የተቀየሩ ኤክስኤምፒዎችን እንዲፈትሽም ሴቲንጉ ላይ አብራ።

የሠርግ አልበም፦ የሠርግ ፎቶዎች በቴሌግራም ተልከውልኝ ዲጂካም ሁሉንም ያወረድኩበት ቀን ላይ ደረደራቸው። ፕሮግራሙ ችግር አለበት?

ነጋቲቭ፦ ፕሮግራሙ ምንም አላጠፋም። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ መጠኑን ያሳንሳል፣ ኤግዚፉንም (ካሜራው ፎቶው ውስጥ የጻፈውን ቀንና መረጃ) ያስወግዳል። ቀን ያጣ ፕሮግራም የፋይሉን ቀን ይወስዳል። ላኪው እንደ ፋይል አድርጎ ይላክልህ፣ ቀኑም ጥራቱም ይመጣል። ላኪው ካጠፋው፣ ሁሉን መርጠህ የሠርጉን ቀን በእጅ ስጥ።

ስልኬ ሞላ፦ ጉግል ፎቶስ 15 ጊጋው አለቀብኝ። ሁሉን ማውረድ እችላለሁ?

ነጋቲቭ፦ በቴክአውት፣ ጉግል ላይ ያለህን ሁሉ በሚያወርድልህ የጉግል አገልግሎት። የዚፑን መጠን 2 ጊጋ ምረጥ፤ ኔትወርክ ሲቆረጥ የሚያስደግምህ አንዱን ክፍል ብቻ ነው። ሊንኩ ከሳምንት በኋላ ስለሚያበቃ ሳትዘገይ አውርድ። ከፎቶው ጋር ጄሰን የሚባሉ ፋይሎች ይመጣሉ፣ አትሰርዛቸው፤ ጉግል ላይ ያረምከው ቀንና የጻፍከው መግለጫ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ኤግዚፍቱል የሚባል ፕሮግራም ወደ ፎቶው ይመልሰዋል። ሁሉም ወርዶ፣ ተከፍቶ ታይቶ፣ ሁለት ዲስክ ላይ ሳይቀመጥ ከጉግል ምንም አታጥፋ።

ጀማሪ ነኝ፦ ተመለስኩ ጋሼ። ራሙ 4 ጊጋ ነው፣ ጄፔግ ብቻ፣ 3 ሺህ ገደማ። ምርጡ የቱ ነው?

ነጋቲቭ፦ አሁን መልስ አለህ። ዲጂካም ብቻ፣ የፊት መለያውን ሳታበራ። ዳርክቴብል በ4 ጊጋ ያስመርርሃል፤ ለጄፔግ የዲጂካም የራሱ ማስተካከያ ይበቃሃል፣ ሴቭ ስታደርግ ግን በአዲስ ስም። ስለ ዳታቤዙ ከላይ ለፒካሳ ስደተኛ የጻፍኩትን አንብብ፣ አልደግመውም።

የፒካሳ ስደተኛ፦ አንድ ነገር ልጨምር፦ ተመሳሳይ ፎቶ ፈልጎ በራሱ ያጠፋልኛል?

ነጋቲቭ፦ ይፈልጋል፣ በራሱ ግን አታስጠፋው። አስቀድመህ ጥገና ከሚለው የፎቶዎቹን አሻራ (ማወዳደሪያ ምልክት) አሠራው፣ ከዚያ ተመሳሳይነቱን ከ90 እስከ 100 አድርገህ ፈልግ። በተከታታይ የተነሱ ፎቶዎችንም «አንድ ናቸው» ይልሃል፤ በአንዱ ዓይን የተከደነ፣ በሌላው የተገለጠ ሊሆን ይችላል። ከቴሌግራም የመጣው ቅጂ ከኦሪጅናሉ ጋር ሲመጣ የፒክስሉ ብዛት የሚበልጠውንና ኤግዚፍ ያለውን አስቀር።

ሐረግ፦ ፎቶ ቤት ለማሳተም ኤክስፖርቱ እንዴት ይሁን?

ነጋቲቭ፦ ጄፔግ፣ ጥራት 90 አካባቢ፣ ቀለሙ ኤስአርጂቢ (የተለመደው የቀለም ዓይነት)። አዶቤ አርጂቢ ከላክሽ ብዙ ፎቶ ቤት ቀለሙን አደብዝዞ ያወጣዋል። ለ10 በ15 ሴንቲ ሜትር 1200 በ1800 ፒክስል ይበቃል። መጠኑን ራስሽ ቁረጪው፤ ማሽኑ ከቆረጠው ጭንቅላት ይበላል።

ባለ ፍላሽ፦ ባክአፑን ፍላሽ ላይ ባደርገውስ?

ነጋቲቭ፦ አይሆንም። ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።