«ትልቅ ሰው አይታረምም» ለተባለችው የፔሮል (የደመወዝ ክፍያ) ቡድን መሪ

እህቴ፣ በዕድሜ የሚበልጡሽን የቡድንሽን ባልደረባ ጋሼን የደመወዝ ስሌት ላይ ስላረምሻቸው እንዳኮረፉሽ ጽፈሽልኛል። ከጋሼ ኩርፊያ ይልቅ ያሳሰበኝ የእናትሽ ምክር ነው። «ትልቅ ሰው አይታረምም፣ የመሪነት ቦታውን መልሺና ሰላምሽን አግኚ» ብለውሻል። በአክብሮት እላለሁ፣ እናትሽ ተሳስተዋል። አንቺ ዝም ስትዪ ዋጋውን የሚከፍለው ምንም የማያውቀው ሠራተኛ ነው።

የራስሽን ጉዳይ እንይ። ጋሼ 7 በመቶውን የጡረታ መዋጮ ያሰሉት በመሠረታዊ ደመወዙ ላይ የትራንስፖርት አበል ደምረው ነው። ደመወዙ 12,000፣ አበሉ 2,000 ብር የሆነ ሠራተኛ 840 ብር ሊቀነስበት ሲገባ 980 ተቀነሰበት። ድርጅቱም በራሱ የ11 በመቶ መዋጮ ላይ 220 ብር ትርፍ ከፈለ። ስለዚህ መናገርሽ ልክ ነበር። ያጠፋሽው በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ጋሼ ሁልጊዜ ይሄን ይሳሳታሉ» ብለሽ መጻፍሽ ላይ ነው። ሰው በታናናሾቹ ፊት ሲታረም ስሌቱ አይሰማውም፤ ሐፍረቱ ብቻ ነው የሚሰማው። «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ደግሞ ልክ የነበሩባቸውን ወራት እየቆጠሩ እንዲሟገቱሽ በር ይከፍታል።

መጀመሪያ እዚያው ግሩፕ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቅርታ ጠይቂ። ይቅርታው በሰው ፊት ስለተናገርሽ ነው፤ ስሌቱ ስህተት መሆኑን እንዳትሽሪ።

ቀጥሎ ለብቻ አነጋግሪያቸው። ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን ወይም ቡና ላይ አይሁን። የፔሮሉን ወረቀትና የሠራተኛውን የቅጥር ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ሁለታችሁም ወረቀቱን እንድታዩ ጎናቸው ተቀመጪ። 10 ደቂቃ ይበቃል። ሌላ ቅሬታ አትደርቢ። ቋንቋችን እዚህ ላይ ያግዝሻል፦ «ተሳስተዋል» ከማለት «ጋሼ፣ እዚህ ጋ 7 በመቶው አበሉንም ይዞ ተሰልቷል፤ ሠራተኛው 140 ብር ጎድሎበታል። እርስዎ እንዴት ያዩታል?» በዪ። ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ሲከብድሽ «ያው ብዙም ችግር የለውም» ብለሽ እንዳትሞዪው፤ የተናገርሽውን ሁሉ ታጠፊዋለሽ። ምናልባት የኤክሴሉ ቀመር ከድሮው ፋይል ተገልብጦ ይሆናል፤ ይህን የሚነግሩሽ እሳቸው ብቻ ናቸው። ስትነሱ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚያስተካክል ተስማሙ።

ለስላሳ መሆን ግን አሽሙር አይደለም። ስብሰባ ላይ «አንዳንድ ሰዎች ስሌት ላይ ቢጠነቀቁ» ማለት ጨዋነት የሚመስላቸው አሉ። ሁሉም ማን እንደተነካ ያውቃል፤ የተነካው ሰው ግን ምን ማስተካከል እንዳለበት አልተነገረውም። ከግልጽ ተግሣጽ ይልቅ አሽሙር ቂም ያተርፋል። «ጎበዝ ነዎት፣ ግን…» የሚለውም አይጠቅምም፤ ሰሚው ምስጋናውን ትቶ «ግን»ን ነው የሚጠብቀው።

የማስተርስ ትምህርት መቼ ልጀምር ላልሽው፦ የሰኔ 30 ሂሳብ መዝጊያን አንድ ጊዜ በኃላፊነት ካሳለፍሽ በኋላ ብትመዘገቢ ይሻልሻል። የኃላፊነት አበል ካልተጻፈልሽ ዛሬውኑ በደብዳቤ ጠይቂ።

የሚቀጥለው ወር ፔሮል ሲመጣ ያንኑ ረድፍ ራስሽ ፈትሺ። ተስተካክሎ ከሆነ በዚያው ቀን «ጋሼ፣ መዋጮው ልክ መጥቷል፣ አመሰግናለሁ» በያቸው። ይህንን ግሩፑ ላይም መጻፍ ትችያለሽ።