የዝዋይን ውሃ መረጃ በአንድ ቋት (ዳታቤዝ) ስለማኖር፦ ጥያቄና መልስ

የመቂና የካታር ወንዞች ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፣ የቡልቡላ ወንዝ ከሐይቁ ይወጣል፤ ቡልቡላ ሲቀንስ ደግሞ ውሃው የሚፈስበት የአቢጃታ ሐይቅ ይጎዳል። የመስኖው፣ የዓሣው፣ የመጠጥ ውሃውና የአበባ እርሻው መለኪያ በየፋይሉ ተበትኖ ሳለ የሚሠራ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ማንም አያምነውም። ጥያቄዎቻችሁን እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የትኛው ሶፍትዌር ይሻለናል?

መልስ፦ እሱ ይቆይ። ፖስትግሬስ የተባለው የቋት ሶፍትዌር፣ የካርታ መረጃ ከሚያስይዘው ተጨማሪው ከፖስትጂአይኤስ ጋር ነፃ ነው፣ ይበቃችኋል። መጀመሪያ አንድ ረድፍ ምን እንደሚይዝ ተስማሙ፦ የጣቢያ መለያ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የተለካው ነገር፣ ውጤት፣ መለኪያ አሃድ፣ ዘዴ፣ ላብራቶሪ። ጣቢያን በስም ብቻ አትመዝግቡ፤ ሀዋሳ፣ ሐዋሳና አዋሳ ለኮምፒውተር ሦስት ቦታዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ብንጽፍ ችግር አለው?

መልስ፦ በመስክ ቅጹ ላይ የለመዳችሁትን ጻፉ፤ ቋቱ ውስጥ ግን ለሁለቱም አቆጣጠር ለየብቻ ዓምድ ይኑር። የካቲት 30 ቀን 2016ን «30/6/2016» ብላችሁ ቀንን ከወር በሚያስቀድም ኤክሴል ውስጥ ስታስገቡ ጁን 30 ቀን 2016 አድርጎ ይቀበለዋል። ትክክለኛው ማርች 9 ቀን 2024 ነው። ምንም ማስጠንቀቂያ አይመጣም፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። የጥቅምት 30 «30/2» ግን እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀራል፣ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና። ስለዚህ በአንድ ዓምድ ከፊሉ ቀን፣ ከፊሉ ጽሑፍ ካያችሁ መነሻው ይኸው ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ። ጠዋት 2 ሰዓት የተለካ የሟሟ ኦክስጅን «2:00» ተብሎ ከገባ ሌሊት 8 ሰዓት ይሆናል። አልጌ በበዛበት ውሃ ኦክስጅን ንጋት ላይ ዝቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከፍ ስለሚል፣ ሰዓቱ የተሳሳተ ቁጥር ትርጉሙ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ የድሮ ጉድጓዶቻችን ካርታው ላይ ያለ ቦታቸው ይወድቃሉ።

መልስ፦ አዲንዳን በተባለው የድሮ የካርታ መነሻ የተመዘገቡ ሳይሆኑ አይቀሩም። ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት ከደብሊውጂኤስ 84 ጋር ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር በላይ ነው። ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ከኮድ 20137 (አዲንዳን) ወደ ኮድ 32637 (ደብሊውጂኤስ 84) ቀይሩ፤ መጀመሪያ የተመዘገበውን የቦታ ቁጥር ግን አትሰርዙ።

ጥያቄ፦ የሁለት ላብራቶሪ የናይትሬት ውጤት አራት እጥፍ ይለያያል። ማንን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ በናይትሬት፣ ሌላው በናይትሮጅን ጽፎ ይሆናል፤ በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት 11.3 ሚሊግራም ናይትሮጅን ነው። ማባዣው 4.43 ነው። መሣሪያው ሊለየው ያልቻለውንም ዜሮ አትበሉ፤ «ከ0.1 በታች» ከሆነ ምልክቱን በአንድ ዓምድ፣ ገደቡን በሌላ ጻፉ።

ጥያቄ፦ ቋቱን ከሚጋሩት አባላት አንዱ ያልተመቸውን ቁጥር ቢቀይርስ?

መልስ፦ መቀየር የማይቻል አድርጉት። ጥሬው ፋይል ይቆለፍ፤ እርማት ሁሉ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳረመ የሚናገር አዲስ ረድፍ ይሁን። በየእትሙ የፋይሉን ኤስኤችኤ-256 አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ኮድ) ለአባላት ሁሉ ላኩ፤ አንድ ፊደል ቢነካ አሻራው ይለወጣል። ከአሥር ናሙና አንዱ ደግሞ መንታ ሆኖ በተለያየ ቁጥር ላብራቶሪ ይግባ። መንታዎቹ ከ20 በመቶ በላይ ከተለያዩ የዚያን ቀን ውጤት በሙሉ «አጠራጣሪ» በሉና ናሙናውን እንደገና ቅዱ።