ቀዩ ለምን ይሰፋል? የሌዘርና የስንጥቅ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ቀይ ሌዘር በሁለት ስንጥቅ ሳሳልፍ ግድግዳው ላይ ያሉት መስመሮች ይራራቃሉ። በአረንጓዴ ግን ይጠጋጋሉ። ለምን?

መልስ፦ ከመሃል ቀጥሎ ያለው ደማቅ መስመር የሚወጣው የሁለቱ ጨረሮች መንገድ በአንድ ሙሉ ሞገድ ሲበላለጥ ነው። የቀይ ሞገድ ረጅም ስለሆነ ቦታው ከመሃል ይርቃል። የሞገድ ርዝመቱን በግድግዳው ርቀት አባዛና በስንጥቆቹ መካከል ላለው ርቀት አካፍል፣ የመስመሮቹን መራራቅ ታገኛለህ። ስንጥቆቹ 0.25 ሚሊሜትር ተራርቀው ግድግዳው 2 ሜትር ላይ ከሆነ፣ 650 ናኖሜትር ቀይ 5.2 ሚሊሜትር ይሰጣል። አረንጓዴው 532 ደግሞ 4.3 ገደማ። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ሜትር ቀይሩ! ሌዘሩንም ወደ ዓይን አታዙሩ።

ጥያቄ፦ የኔ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ ነው እምቢ ያለህ? ሌዘሩ? ስንጥቁ? ስሌቱ?

ጥያቄ፦ በነጭ ብርሃንስ?

መልስ፦ መሃሉ ነጭ። ጎኖቹ ባለቀለም፣ ሐምራዊው ወደ ውስጥ፣ ቀዩ ወደ ውጭ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ስንጥቅ ከየት ላምጣ?

መልስ፦ እሰይ፣ ይሄን ስጠብቅ ነበር! ስንጥቅ ምን ያደርግልሻል፤ አንድ ጸጉር ነቅለሽ ሌዘሩ አፍ ላይ ለጥፊ። ከመሃሉ ደማቅ ነጥብ ውጭ የሚታየው ልክ ጸጉሩን የሚያህል ስፋት ያለው ስንጥቅ የሚሰጠው ነው። በአንድ ጎን ካሉት ጨለማ ቦታዎች የተከታታዮቹን ርቀት ለኪ። አንዱን ብቻ ሳይሆን አምስቱን ለክተሽ ለአምስት አካፍዪ፣ ስህተቱ ይቀንሳል። የሞገድ ርዝመቱን በግድግዳው ርቀት አባዝተሽ ለዚህ ስታካፍዪ የጸጉሩ ውፍረት ይወጣል፦ በ2 ሜትር ላይ በቀይ 18.6 ሚሊሜትር ካገኘሽ ጸጉርሽ 0.07 ሚሊሜትር ነው። የፊዚክስ ሊቁ ቶማስ ያንግ እንኳ በ1803 የፀሐይ ጨረር የከፈለው በቀጭን ካርድ ነበር። ሜትር፣ ሜትር፣ ሜትር! ዓይናችሁንም ጠብቁ።

አንድ አባል፦ ውሃ ውስጥ ብንሠራው የሞገድ ርዝመቱ ያጥራል አይደል? ታዲያ ቀዩ አረንጓዴ ሊሆን ነው?

ሌላ አባል፦ ኧረ ተው! ቀለሙን የሚወስነው ድግግሞሹ ነው፤ እሱ ደግሞ አይለወጥም።

የመጀመሪያው፦ ታዲያ መስመሮቹ ለምን ይጠጋጋሉ?

መልስ፦ ምን ያጨቃጭቃችኋል? ርዝመቱ ለ1.33 (ብርሃን በውሃ ውስጥ የሚዘገይበት እጥፍ) ይካፈላል፣ ድግግሞሹ እንዳለ ይቀራል። 5.2 የነበረው 3.9 ይሆናል፣ ቀዩም ቀይ ነው። አለቀ።

ጥያቄ፦ ቀለሙ ሲቀየር መስመሮቹ ምን ይሆናሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

ጥያቄ፦ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?

መልስ፦ ፈተና አውጪውን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጸጉሬ ከርዳዳ ነው፣ ያስቸግራል?

መልስ፦ ሁለቱን ጫፍ ወጥረህ በፕላስተር ያዝ። በጣም አጭር ከሆነ እህትህን ለምን።