ሄርሺ ቤርስ በተከታታይ ዋንጫ ያነሣ ቡድን እንዴት ሠራ? ለተጠየቀው ጥያቄ ምላሽ

ጠያቂው ወንድማችን ያነሡት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ የበረዶ ሆኪ ክለቡ ዋሽንግተን ካፒታልስ ተጫዋች በተጎዳበት ቁጥር ከታችኛው ሊግ አጋሩ ከሄርሺ ቤርስ የተሻለውን አንሥቶ የሚወስድ ከሆነ፣ ሄርሺ በ2023 እና በ2024 የሊጉን ዋንጫ፣ የካልደር ዋንጫን፣ በተከታታይ ያነሣ ስብስብ እንዴት ሊሠራ ቻለ? ደግሞስ ቡድኑ በእግር ኳስ እንደምናውቀው የተስፋ ቡድን ነውን? ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሃሪስበርግ አካባቢ ከተዛወርሁ ወዲህ ቡድኑን በቅርብ ስለምከታተል፣ ለተወሰነ ጊዜም ቡድኑ በሚጫወትበት በጃያንት ሴንተር አዳራሽ በትርፍ ሰዓት በር ላይ ስለሠራሁ፣ ያየሁትንና የማውቀውን ለመጻፍ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ አጭር ነው፤ የተስፋ ቡድን አይደለም። ሄርሺ የሚጫወትበት የአሜሪካ ሆኪ ሊግ (ኤኤችኤል) ሠላሳ ሁለት ቡድኖች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ቡድን ከላይኛው ሊግ፣ ከኤንኤችኤል፣ ከአንድ ክለብ ጋር በስምምነት የተሳሰረ ነው። አብዛኞቹን የላይኞቹ ክለቦች ራሳቸው የያዟቸው ሲሆኑ ሄርሺ ግን የራሱ ባለቤት አለው፤ ይኸውም በቸኮሌት የታወቀችው ከተማ የመዝናኛ ድርጅት ነው። ቡድኑ በዚህ ሊግ ከ1938 ጀምሮ ሳያቋርጥ የተጫወተ ሲሆን ከካፒታልስ ጋር አሁን ያለው ትስስር የተጀመረው በ2005 ነው። የሁለቱ ወገኖች ፍላጎት ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ካፒታልስ በድራፍት (የኤንኤችኤል ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ሥርዓት) የመረጣቸው ልጆች በቂ ደቂቃ እንዲጫወቱና እንዲበስሉ ይፈልጋል፤ ሄርሺ ደግሞ ዐሥር ሺሕ አምስት መቶ ያህል መቀመጫ ያለውን አዳራሽ መሙላት ስላለበት ማሸነፍ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚከብደው፣ የብዙዎቹ ተጫዋቾች ውል ከካፒታልስ ጋር መሆኑ ነው፤ የሚከፍላቸው፣ የሚያሳድጋቸውም ሆነ ለሌላ ክለብ አሳልፎ የሚሰጣቸው ካፒታልስ ስለሆነ፣ የሄርሺ ሥራ አስኪያጅ ማክሰኞ ዕለት የሚያሰልፈውን አጥቂ ዓርብ ላይ ላያገኘው ይችላል።

ስለዚህ እዚህ ሊግ ውስጥ ለዋንጫ የሚበቃ ቡድን መገንባት ማለት፣ በእኔ ግምት፣ የላይኛው ክለብ የማይወስደውን ወይም ለመውሰድ የማይቸኩልበትን ክፍል ከሌሎች አስበልጦ መገንባት ማለት ነው። ብዙ ሰው ከላይ በድራፍት ስለተገኘው ባለተስፋ ወጣት ያወራል፤ ዋንጫው የሚወሰነው ግን ብዙውን ጊዜ ከእሱ ቀጥሎ በተሰለፉት ሰዎች ጥራት ነው።

ይህን ለመረዳት አንድ ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ጨዋታ ከሁለቱ በረኞች ሌላ ዐሥራ ስምንት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ከእነዚህ ቢያንስ 13ቱ በሊጉ አነጋገር በዕድገት ላይ ያሉ መሆን አለባቸው፤ ማለትም 12ቱ የውድድር ዘመኑ ሲጀመር በኤኤችኤል፣ በኤንኤችኤል እና በአውሮፓ ታላላቅ ሊጎች በድምሩ ከ260 ያልበለጠ ጨዋታ ያደረጉ፣ አንዱ ደግሞ ከ320 ያልበለጠ ያደረገ መሆን ይኖርበታል። የቀረው ቦታ አምስት ብቻ ነው። ገንዘብ ያለው ቡድን ሃያ አንጋፋ ሰብስቦ ሊጉን እንዳይጨርሰው የተደረገ ገደብ ሲሆን፣ ውጤቱም በእነዚህ አምስት ቦታዎች ላይ የሚፈጸም የምርጫ ስሕተት ዓመቱን ሙሉ የሚያስከፍል መሆኑ ነው። በረኞች በዚህ ቁጥር ውስጥ ስለማይገቡ የፈለጉትን ያህል ልምድ ያለው በረኛ ማሰለፍ ይቻላል፤ ይህም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ዕድል ነው።

አምስቱ አንጋፋዎች እንዴት ይመረጣሉ? ጎል ማግባታቸው ብቻ አይበቃም። ልምድ ያለው ተጫዋች ከኤንኤችኤል ወደ ታች ሲወርድ ዌቨር በሚባለው ሥርዓት ማለፍ አለበት፤ ሌሎቹ ሠላሳ አንድ ክለቦች ስሙ ይቀርብላቸዋል፤ አንዳቸው ከፈለጉት ይወስዱታል። ስለዚህ ኤኤችኤል ውስጥ የሚቆየው አንጋፋ፣ ለላይኛው ሊግ ጥቂት የጎደለው፣ ለዚህኛው ግን እጅግ የሚበዛ ሰው ነው። የሁለቱም ዋንጫዎች አምበል የነበረውን ተከላካዩን ዲላን ማክልራዝን ያስታውሱ። በ2010 ድራፍት በዐሥረኛነት የተመረጠ ቢሆንም በላይኛው ሊግ ቋሚ ቦታ አላገኘም፤ በሄርሺ ግን ወጣት የቡድን ጓደኞቹን ተጋጣሚ እንዳይደፍራቸው የሚያደርግ ግዙፍ ሰው ነበር። አጥቂው ማይክ ቬክዮን ደግሞ በድራፍት ማንም ሳይመርጠው ከዩኒየን ኮሌጅ ወጥቶ በተለያዩ ቡድኖች የዞረ ሰው ነው።

የ2023ቱ ፍጻሜ የእነዚህን ሰዎች ጥቅም በግልጽ ያሳያል። ሄርሺ ከኮቼላ ቫሊ ፋየርበርድስ ጋር ሲገናኝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በካሊፎርኒያ 5 ለ 0 እና 4 ለ 0 ተሸነፈ። ከዚያ በሜዳው ሦስቱንም አሸንፎ ስድስተኛውን ተሸነፈና፣ ዋንጫው አራት ጨዋታ ቀድሞ ላሸነፈ ስለሆነ፣ ወሳኙ ሰባተኛ ጨዋታ መጣ። በዚያም ጨዋታ 2 ለ 0 ከተመራ በኋላ አቻ ሆነና በጭማሪው ሰዓት ዋንጫውን ያመጣውን ጎል ያገባው ቬክዮን ነው። ወጣት ብቻ የተሰበሰበበት ቡድን በፍጻሜ ሁለት ጨዋታ ዘጠኝ ጎል ገብቶበት አንድም ሳያገባ ሲመለስ፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም።

ሁለተኛው የማይወሰድ ክፍል ውላቸው በቀጥታ ከሄርሺ ጋር የሆኑት ተጫዋቾች ናቸው። አንድ የኤንኤችኤል ክለብ ሊይዘው የሚችለው ውል ሃምሳ ብቻ ነው፤ ስለሆነም የታችኛው ቡድን ራሱ መልማዮች ኖረውት፣ ሌሎች የዘለሉትን የኮሌጅ ተጫዋች ፈልጎ በራሱ ገንዘብ ማስፈረም ይኖርበታል። በኤኤችኤል ውል ላይ ያለ ተጫዋች አስቀድሞ የኤንኤችኤል ውል ካልፈረመ ወደ ላይ ሊጠራ አይችልም። የሄርሺ ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ኢተን ፍራንክ በድራፍት አልተመረጠም፤ ከዌስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ሄርሺ አስፈረመው፤ በ2022–23 ሠላሳ ጎል አግብቶ ከሊጉ አዲስ ተጫዋቾች መካከል አንደኛ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ነው ካፒታልስ የራሱን ውል የሰጠው። በ2024 ፍጻሜ በስድስተኛው ጨዋታ ጭማሪ ሰዓት ላይ ዋንጫውን ያጸናውን ጎል ያገባው ማት ስትሮምም ውሉ ከሄርሺ ጋር የነበረ ሰው ነው። ሁለቱን የመጨረሻ ጎሎች ያስቆጠሩት እነማን እንደሆኑ ያስተውሉ፤ የመጀመሪያው በድራፍት ያልተመረጠ አንጋፋ፣ ሁለተኛው በታችኛው ቡድን ውል የሚጫወት አጥቂ ናቸው።

ከኤኤችኤል በታች ደግሞ ኢሲኤችኤል የሚባል ሊግ አለ፤ በዚያን ጊዜ የሄርሺ አጋር በዚያ ሊግ የሳውዝ ካሮላይና ስቲንግሬይስ ነበር። በረኛው ሀንተር ሼፐርድ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ከሚኒሶታ ዱሉዝ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2018 እና በ2019 የኮሌጆችን ሻምፒዮና ያሸነፈ ቢሆንም በድራፍት አልተመረጠም፤ ሄርሺ አስፈርሞት ወደ ሳውዝ ካሮላይና ላከው፤ እዚያ ደጋግሞ ተጫውቶ ወደ ሄርሺ ተመለሰና በ2023 የፕሌይኦፉ (ዋንጫው የሚወሰንበት የጥሎ ማለፍ ውድድር) ኮከብ ተጫዋች ተባለ። በ2023 መገባደጃ ለካፒታልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። ብዙ ክለቦች ታችኛውን ሊግ የተረፈ ሰው ማቆያ ያደርጉታል፤ አንድ በረኛ ግን የመጠባበቂያ ወንበር ላይ ከሚቀመጥ ይልቅ ዝቅ ባለው ሊግ በየሳምንቱ ቢጫወት የበለጠ እንደሚያድግ የሼፐርድ መንገድ አሳይቷል። በነገራችን ላይ የአሁኑ የካፒታልስ አሠልጣኝ ስፔንሰር ካርበሪም አስቀድመው ሳውዝ ካሮላይናን፣ ቀጥሎም ሄርሺን ያሠለጠኑ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ ይህ መሰላል ለተጫዋቾች ብቻ የተሠራ አይደለም።

ስለ በረኛ ከተነሣ፣ አንድ ጥሩ በረኛ በዚህ ሊግ አይበቃም፤ ካፒታልስ በረኛው በተጎዳ ቀን የሚደውለው ለሄርሺ ነውና። በ2023–24 ሼፐርድ ወደ ላይ ሲጠራ ሌላው ያልተመረጠ የኮሌጅ በረኛ ክሌይ ስቲቨንሰን በሚገባ ተካው፤ ቡድኑም ከሰባ ሁለት ጨዋታ 53 አሸንፎ 111 ነጥብ ሰበሰበ።

የጨዋታው ብዛትና አቀማመጥ ራሱ ስብስብን ይፈትናል። ሊጉ ገቢውን የሚያገኘው በሳምንቱ መጨረሻ ስለሆነ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ሦስት ጨዋታ በሦስት ቀን መጫወት የተለመደ ነው፤ ከዊልክስ ባሬ ወይም ከአለንታውን በአውቶቡስ ሌሊት ተመልሶ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መሰለፍ ማለት ነው። በሩ ላይ በምሠራበት ጊዜ እሑድ ማታ ተጫዋቾቹ በኋላ በር ሲወጡ አያቸው ነበር፤ ጉልበታቸው ላይ በረዶ በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ፣ አንዳንዶቹ ሕፃን ልጅ አቅፈው። የሦስተኛውን ቀን ጨዋታ የሚያሸንፈው እየተፈራረቁ ከሚገቡት መካከል የመጨረሻዎቹ፣ አራተኛው የአጥቂዎች መስመርና ስድስተኛው ተከላካይ፣ ጤነኛ የሆኑለት ቡድን ነው።

ሕፃናቱን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ሚስትና ልጅ ያለው አንጋፋ ከተመሳሳይ ክፍያዎች መካከል ሲመርጥ የሚያየው ቤተሰቡ የሚኖርበትን ከተማና የሚጫወትበትን አዳራሽ ነው። ሄርሺ ትንሽ ከተማ ቢሆንም ሕዝቡ ለቡድኑ ያለው ፍቅር ልዩ ነው። በጥር 2025 ደጋፊው ለበጎ አድራጎት ወደ ሜዳው የወረወራቸው የአሻንጉሊት ድቦች 102,343 ነበሩ፤ ይህን ያየ ተጫዋች ስለዚህ ቦታ ለጓደኛው ሳይናገር አይቀርም። (ቅርጫት ኳስ ለምትወዱ፦ ቡድኑ እስከ 2002 ይጫወትበት የነበረው አሮጌው አዳራሽ ዊልት ቻምበርሌን በ1962 በአንድ ጨዋታ መቶ ነጥብ ያስቆጠረበት ነው፤ ዛሬም ቆሟል።) ገንዘብ ብቻ የሚያቀርብ ቡድን አንጋፋውን ለአንድ ዓመት ያገኘዋል፤ ሄርሺ ግን ብዙዎቹን ለዓመታት ያቆያቸዋል።

ከዚህ በኋላ ከላይ የሚመጣው ዕድል ነው፤ ይህን ማንም የሄርሺ ሰው አያዝዘውም። በ2023 ካፒታልስ ለፕሌይኦፍ ሳይበቃ ቀረ፤ በ2019 በድራፍቱ የመጀመሪያ ዙር የተመረጠው ኮነር ማክማይክል በሄርሺ ፍጻሜ ላይ ተሰለፈ። በ2024 ካፒታልስ በኒውዮርክ ሬንጀርስ አራት ለባዶ ተሸንፎ ቶሎ ሲወጣ ሄንድሪክስ ላፒየር ወደ ሄርሺ ወርዶ የፕሌይኦፉ ኮከብ ሆነ። እንዲህ ያለ ወጣት በሚያዝያ ወር ወደ ታች ወርዶ እንዲጫወት ግን አስቀድሞ የሚሟላ ነገር አለ፤ በኤንኤችኤል የዝውውር መዝጊያ ቀን ስሙ በታችኛው ቡድን ዝርዝር ላይ መገኘት አለበት። ለዚህ ሲባል በእነዚያ ዓመታት አንዳንድ ተጫዋቾች በዚያ ቀን በወረቀት ብቻ ወደ ታች ወርደው በዚያው ቀን ይመለሱ ነበር፤ እግራቸው ከዋሽንግተን አይንቀሳቀስም ነበር። ታችኛው ቡድንም ለፕሌይኦፍ የሚቆጥራቸውን ሃያ ሁለት ተጫዋቾች በዚያው ሰሞን ያሳውቃል። ጥሩ ሥራ አስኪያጅ ከካፒታልስ ቢሮ ጋር ስለዚህ ዝርዝር መነጋገር የሚጀምረው ወሩ ሳይደርስ ነው።

ስለ አሠልጣኝ ብዙ አልልም። ቶድ ኔልሰን ከሄርሺ በፊት በ2017 ከግራንድ ራፒድስ ጋር ይህንኑ ዋንጫ አንሥተው ነበር፤ አንጋፋውንና ጀማሪውን በአንድ መስመር አዋሕደው የማጫወት ችሎታቸው የታወቀ ነው።

በ2025 ሄርሺ በሻርሎት ቼከርስ በተከታታይ ሦስት ጨዋታ ተሸንፎ ወጣ፤ ዋንጫውንም አቦትስፎርድ ካናክስ ወሰደ። ከዚያ ኔልሰን ወደ ፒትስበርግ ፔንግዊንስ ሄደው ቦታቸውን ደሪክ ኪንግ ያዙ። ፍራንክም በዚያ ዓመት ጊዜውን ለካፒታልስና ለሄርሺ ከፍሎ አሳልፏል። ላይኛው ክለብ ሲጠነክር ታችኛው እንዲህ መሳሳቱ የሚጠበቅ ነው፤ ክፍተቱን የሚሞላው ያው ሄርሺ ራሱ የሚያስፈርመው ክፍል ነው። ስለዚህ እርስዎ በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ለዋንጫ ይበቃ እንደሆነ መገመት ከፈለጉ፣ በሐምሌ ወር ስለ ድራፍት የሚወጣውን ዜና ትተው ሄርሺ በራሱ ውል እነማንን እንዳስፈረመና አምስቱን የአንጋፋ ቦታዎች እነማን እንደያዟቸው ይመልከቱ፤ በመጋቢት ወር ደግሞ በዝውውር መዝጊያው ቀን በሄርሺ ዝርዝር ላይ የተገኙትን ስሞች ይቁጠሩ።